ድሮኑ ይብረር፤ መሬት ላይ የተለካ ነጥብ ግን ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የድንጋይ ካባዎችና የቆሻሻ መጣያዎች በድሮን እየተቀየሱ መሆናቸውን አስመልክቶ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ቅየሳ የሚጽፍ ጋዜጣ ብዙ ስለሌለ መጀመሪያ ላመሰግናችሁ እፈልጋለሁ። አብዛኛው ነገሩም ልክ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማሁም። ድሮን ስለመጣ ቀያሹ ሜዳ መውጣቱ ቀርቷል፣ ከዚህ በኋላ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚል መንፈስ አለው። እኔ በዚሁ ሙያ የምተዳደር ቀያሽ ነኝ። ድሮንን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም ካባና ቆሻሻ መጣያ ያለ ድሮን ባይለካ ደስ ይለኛል። ግን ያ ሐሳብ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከገባ ብዙ ጉዳት ያመጣል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለምን ድሮንን እንደምወደው ልንገራችሁ። በድሮው አሠራር አንድ ካባ ሲለካ አንዱ ርቀትና ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ፣ ቶታል ስቴሽኑ ጋ ይቆማል፤ ሌላው ጨረሩን የሚመልስ መስታወት፣ ፕሪዝም የተገጠመበትን ዘንግ ይዞ አፋፍ ለአፋፍ ይሄዳል። አፋፉ በፈንጂ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው። ከታች ስታየው ጠንካራ ይመስላል፤ ከላይ ስትቆምበት ግን ከጫማህ ሥር ጠጠር ሲንሸራተትና ወደ ገደሉ ሲወርድ ትሰማዋለህ። ዘንጉን የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በቡድኑ ውስጥ ትንሹ፣ ደመወዙም ዝቅተኛው ነው። እሱን ነው "ትንሽ ወደ ጫፉ ጠጋ በል" የምንለው። የአፋፉ መስመር ትክክል እንዲወጣ ጠጋ ማለት አለበታ! ከግርጌ በኩል ሲለካ ደግሞ በተቃራኒው ከላይ ድንጋይ ሊወርድበት ይችላል። ከኋላው ሎደርና ገልባጭ መኪና ወዲያ ወዲህ ይላል። ድሮን ይህን ሰው ከዚያ ቦታ ያወርደዋል። ለእኔ ሌላው ጥቅም ሁሉ፣ ፍጥነቱም ርካሽነቱም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ፤ ቀጥሎ የምለው ነገር ያለዚህ አይገባምና። ድሮኑ በተመደበለት መስመር እየተመላለሰ ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ መደራረብ አለባቸው። በበረራው አቅጣጫ ከ75 እስከ 80 በመቶ፣ በጎን በኩል ደግሞ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህል ይደራረባሉ። እያንዳንዱ የመሬት ነጥብ ብዙ ፎቶ ላይ ከተለያየ ማዕዘን ስለሚታይ ሶፍትዌሩ አስልቶ ከፍታውን ያወጣዋል። ፎቶግራሜትሪ የሚባለው ይኸው ነው። ለምሳሌ ፋንቶም 4 አርቲኬ የሚባለው ድሮን በ100 ሜትር ከፍታ ሲበር አንዷ ፒክስል፣ ማለትም የፎቶው ትንሿ ነጥብ፣ መሬት ላይ 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። ዝቅ ብሎ ከበረረ የበለጠ ዝርዝር ያሳያል፤ ፎቶውም ባትሪውም ግን ይበዛል። ሥራው በደንብ ከተሠራ አግድም ስህተቱ ከአንድ እስከ ሁለት ፒክስል፣ የከፍታው ስህተት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ሦስት ፒክስል ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል።

በደንብ ከተሠራ ነው ያልኩት። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ቆንጆ ነገር ይሰጥሃል። ልክም ሆነ ስህተት ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ያው ነው፤ ባለቀለም ካርታ፣ በጣት የሚሽከረከር ክምር፣ ከታች ደግሞ እስከ ሁለት ዴሲማል የተጻፈ የሜትር ኩብ ቁጥር። ሥራ አስኪያጁ ያየዋል፣ ይደነቃል፣ ይፈርማል። ማንም "ይኼን ከፍታ በምን አረጋገጣችሁት?" ብሎ አይጠይቅም።

ስህተቱ ስንት ሊያደርስ እንደሚችል እንይ። አንድ የጠጠር ክምችት ቦታ 1 ሄክታር ነው እንበል፤ ይህ 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ካለፈው ወር ካርታ ጋር ሲነጻጸር የዚህ ወሩ በሙሉ በስህተት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቢወጣ 500 ሜትር ኩብ የሌለ ጠጠር ተፈጠረ ማለት ነው። በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና ከ30 ጭነት በላይ ይሆናል። አምስት ሴንቲ ሜትር እኮ ዓይን አያየውም። ተራ ጂፒኤስ ብቻ ያለው ድሮን ደግሞ በከፍታ የሚሳሳተው በሴንቲ ሜትር አይደለም፤ በሜትር ነው። ክምሩ ሙሉ በሙሉ አብሮ ከፍ ካለ ግርጌውም አብሮ ስለሚነሳ የአንድ ቀን ይዘቱ ብዙ ላይዛባ ይችላል። ያለፈውን ወር ገጽ ከዚህ ወር ገጽ ቀንሰህ ምን ያህል ድንጋይ እንደወጣ ስታሰላ ግን የሁለቱም ስህተት ሊደመርብህ ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከበረራው በፊት መሬት ላይ ጥቁርና ነጭ ሆነው የተቀቡ ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በጂኤንኤስኤስ (ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ቦታን በሚለካ መሣሪያ) ወይም በቶታል ስቴሽን በትክክል ይለካል። እኛ ኮንትሮል ፖይንት እንላቸዋለን። ዝቅ ያለውም ከፍ ያለውም ቦታ፣ ጥጉም መሐሉም ላይ መበተን አለባቸው። ሁሉንም መንገድ ዳር ደርድሮ መመለስ ሥራ አይባልም። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ለሶፍትዌሩ የማይነገሩ፣ ለፈተና ብቻ የሚያዙ ነጥቦች አሉ፤ ቼክ ፖይንት ይባላሉ። ሶፍትዌሩ ካርታውን ሠርቶ ሲጨርስ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ካርታው የሚለውን ከፍታ አንተ ከለካኸው ጋር ታስተያያለህ። ልዩነቱ ነው የሥራው እውነተኛ ውጤት። ሶፍትዌሩ ራሱ ለራሱ የሚሰጠው ማርክ አይቆጠርም፤ የተነገረውን ነጥብ ሊስማማው ራሱን አጣጥፏልና።

"አርቲኬ ድሮን ከገዛን ኮንትሮል አያስፈልገንም" የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። አርቲኬ ማለት ድሮኑ ቦታው ከሚታወቅ የመሬት ጣቢያ ማስተካከያ እየተቀበለ ፎቶ ያነሳበትን ነጥብ በሴንቲ ሜትር ደረጃ የሚያውቅበት ዘዴ ነው። የምልክቱን ብዛት ይቀንሳል፤ ገደል ሥር ገብቶ ምልክት ማስቀመጥንም ያስቀራል፤ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ግን ጣቢያው የቆመበት ነጥብ ስህተት ከሆነ ካርታው በሙሉ አብሮ ይሳሳታል፤ ያለምንም ማስጠንቀቂያ። ሌላም አለ። ፎቶው በሙሉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ ከተነሳና የሌንሱ ስሌት ትንሽ ከተዛባ ካርታው መሐሉ ላይ ጎበጥ ወይም ሰርጎድ ይላል። ዳር ዳር ያለው ነጥብ ልክ ሆኖ መሐሉ በአሥር ሴንቲ ሜትሮች ሊዛባ ይችላል። ካሜራውን አዘንብሎ ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት ይህን በጣም ይቀንሰዋል። የቀረውን የሚያጋልጠው መሐል ላይ የተቀመጠ ቼክ ፖይንት ብቻ ነው። ስለዚህ በአርቲኬም ቢሆን ቢያንስ ጥቂት ነጥብ ለመለካት ሰው መውጣት አለበት። አፋፍ ላይ አይደለም፤ ደህናው ሜዳ ላይ። የጽሑፋችሁን ያን መንፈስ የተቃወምኩት ለዚህ ነው።

የከፍታ መነሻ ጉዳይም አለ፤ ይኼ ብዙ ሰው ያጨቃጭቃል። ጂኤንኤስኤስ የሚሰጠው ከፍታ ከአንድ በሒሳብ ከተበጀ የምድር ቅርጽ ጀምሮ ነው፤ የድሮ ካርታዎችና የግንባታ ንድፎች ደግሞ ከባሕር ወለል ነው የሚጀምሩት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቦታው ይለያያል። ከስሪላንካ በስተደቡብ ባለው ባሕር አካባቢ ከ100 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ሌላ ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት ቅየሳ በአንዱ፣ የዘንድሮው በሌላው ከተሠራ ጉድጓዱ የተሞላ ወይም የባሰ የተቆፈረ ይመስላል። ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን ወዲያው ይታወቃል። አደገኛው ትንሽ ሲሆን ነው። ያኔ ሰው አምኖ ይቀበለዋል፣ ገንዘብ ይከፈልበታል።

አንድ ካባ ላይ ያየሁትን ልጻፍ። ስሙ ይቅር። ድንጋይ አቅራቢው በጭነት ቆጥሮ ይህን ያህል አወጣሁ ይላል፤ ተቀባዩ በድሮን አስለክቶ ያን ያህል አልወጣም ይላል። ለወራት ተካሰሱ። ጉዳዩ ሲታይ ሁለቱም አልዋሹም። ድንጋይ መሬት ውስጥ እንዳለ አንድ ይዘት አለው፤ ፈንድቶና ተፈጭቶ ሲጫን በመሐሉ አየር ስለሚገባ ይነፋል፣ ቦታ ይበዛበታል። ያልተነካ ግራናይት በሜትር ኩብ 2.6 ወይም 2.7 ቶን ይመዝናል፤ ልቅ ጠጠር ግን 1.5 ወይም 1.6 ቶን ገደማ ነው። ድሮኑ የለካው ጉድጓዱን ነበር፤ መኪናው የጫነው ልቁን። ውሉ ላይ የትኛው እንደሚቆጠር አልተጻፈም። ይህንን ድሮን አይፈታውም። ውል ላይ አንድ መስመር መጻፍ ይፈታዋል፤ በየትኛው ይዘት እንደሚከፈል፣ ወደ ቶን ሲቀየር በስንት እንደሚባዛ፣ የክምሩ ወለል ማን መቼ እንደለካው።

ስለ ወለሉ ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ስለሆነ። ክምር ስትለካ የላዩን ታያለህ እንጂ የታቹን አታይም። ሶፍትዌሩ የክምሩን ዙሪያ አገናኝቶ "ወለሉ ይህ ነው" ብሎ ይገምታል። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ይሁን። ክምሩ ጉድጓድ ላይ ወይም ተዳፋት ላይ ተደግፎ ከሆነ ግን ግምቱ የማይረባ ነው። ቦታው ባዶ እያለ አንድ ጊዜ መብረር በቂ ነበር። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ያገለግላል። ሥራ ሲጀመር ሁሉም ስለሚቸኩል ይህቺን በረራ የሚያስታውሳት የለም።

ሣርና ቁጥቋጦም እንዲሁ ነው። ካሜራ የሚያየው የሣሩን ጫፍ ነው፤ ስለዚህ የተተወ ክምር ላይ ሣር ሲበቅል ክምሩ ያደገ ይመስላል። ሊዳር የሌዘር ጨረር ስለሚልክና ከጨረሮቹ አንዳንዱ በቅጠሉ መሐል አልፎ መሬት ስለሚደርስ እዚያ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ሣሩ ጥቅጥቅ ካለ እሱም ያቅተዋል። ውሃ የተኛበት ቦታም ለፎቶ ያስቸግራል። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክም፣ ጥቁር ጥላም፣ ክሬሸሩ የሚያስነሳው አቧራም። ይህንን የሚያውቅ ሰው በረራውን የሚያቅደው ብርሃኑን፣ ነፋሱንና የክሬሸሩን ሥራ አይቶ ነው።

በካባ ውስጥ ድሮን ከይዘት በላይ የሚጠቅምበት ቦታ ፈንጂ ሲታቀድ ነው። ፈንጂ የሚቀበርበት ጉድጓድ ከፊት ካለው የድንጋይ ግድግዳ በተወሰነ ርቀት ላይ ይቆፈራል። ያ ርቀት በርደን ይባላል። ግድግዳው ከላይ ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ከፊት ለፊት ስታየው ግን አንዱ ቦታ ወደ ውስጥ ተቦርቡሯል፣ ሌላው ወደ ውጭ አብጧል። የተቦረቦረው ቦታ ላይ ከፈንጂው ፊት ያለው ድንጋይ ስስ ይሆናል፤ ሲፈነዳ ኃይሉ በዚያ በኩል ይወጣና ድንጋዩን ከታሰበው በላይ ርቆ ይወረውረዋል። ሰው የሚገድለው ይኼ ነው። ድሮኑ ግድግዳውን ከፊት ለፊት በጎን ፎቶ ካነሳው የእያንዳንዱ ጉድጓድ በርደን ከላይ እስከ ታች ስንት እንደሆነ ሳይፈነዳ በፊት ይታወቃል። ወደ ታች ብቻ የተነሳ ፎቶ ይህን አያሳይም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ከላይ አንድ መስመር ነው። እዚህ ሥራ ላይ ድሮን መጠቀም ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ካለ በጣም እከራከረዋለሁ።

አሁን ወደ ቆሻሻ መጣያው ልምጣ። ከሁሉም በላይ ይኼ ያሳስበኛል።

ካባ ቢያንስ ድንጋይ ነው። ቆሻሻ ግን ይበሰብሳል፣ ይሞቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጋዝ ያመርታል፣ ይሰምጣል፤ በየቀኑም ይጨመርበታል። የሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሜቴን ነው፤ ሜቴን ደግሞ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን እሳት ካገኘ ይፈነዳል። እዚህ ላይ በእግር እየዞሩ መለካት ሥራ አይደለም፣ ጤና መጣል ነው። ስለታም ነገር አለ፣ መርፌ አለ፣ ከላይ ደረቅ የሚመስል ከሥሩ ግን ክፍት የሆነ ቦታ አለ።

ታሪኩን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2000 በፊሊፒንስ ፓያታስ የቆሻሻ ተራራ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የካቲት 21 በኢንዶኔዢያ ሌዊጋጃህ ከ140 በላይ ሰው አለቀ፤ ያ ቀን እስካሁን በአገሪቱ የቆሻሻ ጉዳይ ማሰቢያ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በእኛው አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 በቆሼ የሆነውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ110 በላይ ነፍስ ነው። ከእሱ አንድ ወር ገደማ በኋላ በስሪላንካ ሚቶታሙላ 32 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሞዛምቢክ ማፑቶ፣ በ2024 ነሐሴ ደግሞ በኡጋንዳ ካምፓላ ኪቴዚ ተደገመ። በየቦታው የሚሞቱት ከሥር የሚኖሩት ወይም ቆሻሻው ላይ የሚሠሩት ናቸው።

ድሮን ቢኖር እነዚህ ሁሉ ይድኑ ነበር አልልም። የመናድ ምክንያቱ የተዳፋቱ መቆም፣ ያልተዳመጠ ቆሻሻ፣ ውስጡ የተጠራቀመ ውሃ፣ እንዲሁም ሰው ከሥሩ እንዲኖር መተዉ ነው። የውስጡን የውሃ ግፊት ድሮን አያየውም፤ ለእሱ ፓይፕ ተቀብሮ በመሣሪያ መለካት አለበት። ግን ድሮን የሚያየው ነገር ብዙ ነው። የተዳፋቱ ቁመትና ዘንበል ስንት እንደደረሰ ያሳያል። በሥርዓት የሚሠራ መጣያ የመጨረሻ ተዳፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሜትር አግድም ሲኬድ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ነው፤ ዝም ብሎ የተገለበጠው ግን ገደል ይሆናል። አናቱ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ፣ ግርጌው ላይ ያበጠ ቦታ፣ ከጎኑ የሚንጠባጠብ ጥቁር ፍሳሽ በፎቶው ላይ ይታያል። ያለፈውን ወር ገጽ ከዚህ ወሩ ጋር ስታስተያይ ማንም ያልደፋበት ቦታ ከፍ ካለ፣ ወይም አናቱ ዝቅ ብሎ ግርጌው ከወጣ፣ ያ ተራ መስመጥ አይደለም፤ ክምሩ እየሄደ ነው። በዚያን ሰዓት ጥያቄው የሜትር ኩብ አይደለም። ሰው ከሥሩ ማንሳት ነው።

እዚህ ጋ ኮንትሮል ፖይንት ለምን እንደሚያስፈልግ ይበልጥ ይገባል። ምልክቱን ቆሻሻው ላይ ቸንክረህ በሚቀጥለው ወር እንደ ቋሚ ነጥብ ከተጠቀምክበት ምልክቱ ራሱ ከቆሻሻው ጋር ተንቀሳቅሷል፤ ካርታው እንቅስቃሴውን ይደብቅልሃል። "ምንም አልተነቃነቀም" የሚል ሪፖርት ይወጣል። ስለዚህ ቋሚዎቹ ነጥቦች ከቆሻሻው ውጭ፣ ያልተነካ ጠንካራ መሬት ላይ፣ በኮንክሪት መቆም አለባቸው። ቆሻሻው ላይ የሚቀመጠው ምልክት በየበረራው እንደ አዲስ ይለካል። ሎደርም ዶዘርም ስለሚረግጠው በየጊዜው አዲስ መቀባት ግድ ነው፤ ዶዘሩን የሚነዱት ሰዎች ምን እንደሆነ ከተነገራቸው ግን ዞረውት ያልፋሉ። ነገሩን ማስረዳት ከሽቦ አጥር በላይ ይጠብቀዋል።

ለአስተዳደሩም የሚጠቅም ነገር አለ። መጣያው ስንት ዓመት ቀረው የሚለውን ጥያቄ ብዙ ቦታ በግምት ነው የሚመልሱት። በሚዛን ገብቶ የተመዘነውን ቶን በሁለት በረራዎች መካከል በተሞላው ሜትር ኩብ ስታካፍለው ቆሻሻው እንዴት እንደተዳመጠ ታውቃለህ። በከባድ ማሽን ተደጋግሞ የተረገጠ ቆሻሻ በሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ዝም ብሎ የተደፋው ከዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ይህ ማለት ያው ጉድጓድ በእጥፍ ዕድሜ ሊያገለግል ይችል ነበር ማለት ነው። አዲስ መጣያ ቦታ ለማግኘት ስንት ነዋሪ መነሳት እንዳለበት፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም። ሙቀት የሚያይ ካሜራ ከተጨመረ ደግሞ ከውስጥ የሚጨስ እሳት ላዩ ላይ ሳይወጣ በፊት የሞቀው ቦታ ይታያል።

ሕጉን በአጭሩ። ብዙ አገሮች ድሮን ከመሬት ከ120 ሜትር በላይ እንዳይበር፣ አብራሪውም በዓይኑ እያየው እንዲያበር ያዛሉ፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሰው በላይ መብረርም ይከለከላል። ካባ ውስጥ ከፍታውን ከጉድጓዱ ወለል ነው ወይስ ከአፋፉ የምትቆጥረው የሚለው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ወለሉን ተከትሎ የሚበር ድሮን ግድግዳ ይመታል። ቆሻሻ መጣያ ላይ ደግሞ ወፍ አለ። ጭልፊትና አሞራ ድሮንን እንደ ባላንጣ አይተው ይመቱታል። መጣያው አየር ማረፊያ አጠገብ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ያለ ፈቃድ አይነካም። ቆሻሻ ላይ የሚሠሩ ሰዎችም ፎቶ እየተነሱ መሆኑን ማወቅ አለባቸው። ኑሯቸውን የሚገፉበት ቦታ ነው፤ ሳይነገራቸው ከላይ ፎቶ ተነስተው ከዚያ ፎቷቸው ለማስለቀቂያ ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ ነውር ነው። በረራው የሚታቀደው ከቦታው ዞር በሚሉበት ሰዓት ቢሆን ለደህንነታቸውም ለካርታው ጥራትም ይሻላል። የሚንቀሳቀስ ሰውና መኪና ስሌቱን ያበላሻልና።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ለካባና ለቆሻሻ መጣያ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት በየጊዜው በድሮን እንዲለካ ያስገድዱ። ቆሻሻ መጣያ ከሆነ በዝናብ ወቅት ደጋግሞ፤ መናድ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነውና። ግን ካርታውን ብቻ አይቀበሉ። ከካርታው ጋር የቼክ ፖይንቱ ሰንጠረዥ ይምጣ፤ ነጥቦቹ የት እንደነበሩ፣ በምን እንደተለኩ፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ፣ ከፍታው ከየትኛው መነሻ እንደተቆጠረ፣ የለካው ማን እንደሆነ ከነፊርማው። ያልተነካካው ዋናው ፎቶም ከነመረጃው ተረክቦ ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ ክርክር ሲነሳ ወይም አደጋ ሲደርስ እንደገና አስልቶ እውነቱን ማውጣት የሚቻለው ከእሱ ነው፤ ካርታ ብቻ ከተረፈ ማንም ምንም ማረጋገጥ አይችልም። ይህን ሰንጠረዥ ማቅረብ የማይችል ድርጅት አልለካም ማለት ነው፤ ፎቶ አንስቷል።

ይህ ብዙ ወጪ ነው የሚል ካለ፣ አይደለም። ነጥቦቹን ለመለካት የሚወስደው ጊዜ ከጠቅላላው ሥራ ጥቂቱ ነው። መሣሪያው ቀያሹ ጋ አለ። የሚጎድለው የሚጠይቅ ሰው ነው። ገንዘብ ከፋዩ ካልጠየቀ፣ ፈቃድ ሰጪው ካልጠየቀ፣ ቸኩሎ የሚሠራው ተጫራች ሁልጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል፤ ነጥብ የሚለካው ይሸነፋል። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ከሙያው ሲወጡ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

እናንተም ጋዜጠኞች ብትረዱን። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኃላፊ የድሮን ካርታ ዘርግቶ "ክምሩ ደህና ነው" ወይም "ይህን ያህል ሜትር ኩብ አውጥተናል" ሲላችሁ፣ ቼክ ፖይንቱን አሳዩን በሉት። ካለ ያሳያችኋል። ከሌለ ደግሞ እንዳልነበረ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሆነ ቀያሽ